ማጉያው ይነዝራል

በዕድሜዬ ብዙ ውሸታም አጋጥሞኛል፤ ራሴን ጨምሮ። የድምፅ ማጉያ ፊት ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ያህል ዓይኑን በጨው ያጠበ ውሸታም ግን አላየሁም። ሞጣ ገበያ ዳር ባለ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ከአንድ የደብተር ደርዘን በማይበልጥ ቆርቆሮ ላይ፣ «አምስት ሺህ ዋት» ተብሎ በወርቅማ ቀለም ተጽፎ አየሁ። አምስት ሺህ! ያን ጊዜ የሞጣ ከተማ አምፖሉን በሙሉ አብርቶ፣ ወፍጮውን ሁሉ አስነስቶ፣ ሻይ ቤቶቹ ቴሌቪዥናቸውን ከፍተው፣ ያን ያህል ይወስዳል ብሎ የሚምልልኝ ሰው ካለ ይምጣና ፊት ለፊት እንነጋገር።

እዚያ ሱቅ ለምን እንደተገተርኩ ልናገር። እኔ የቢቸና ሰው ነኝ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ እየጠበቅሁ ደሞዝ እበላለሁ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ግን ኑሯቸው ሞጣ ነው። በጉብዝናቸው ጊዜ መንገድ ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆች ካምፕ ውስጥ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበሩ። ፈረንጆቹ ሥራቸውን ጨርሰው ካምፑን ሲያፈርሱ፣ ለታማኝነታቸው ብለው ሁለት ግዙፍ የእንጨት እስፒከር ሸለሟቸው። ማጉያውን፣ አምፕሊፋየር የሚባለውን፣ ግን ጠቅልለው ሄዱ። አፉን ሰጥተው ሳንባውን ይዘው ሄዱ ማለት ነው። ይህን ደግነት ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ፣ ለእሱም አንድ ቀን ጎማ የሌለው መኪና ይሸለም እላለሁ።

እስፒከሮቹ ሲቆሙ ደረቴ ላይ ይደርሳሉ። አንዱን ለማንሳት አራት ጎረምሳ ያስፈልጋል፤ ለማስቀመጥ ስድስት፣ ሁለቱ ለጸሎት። የአጎቴ ሳሎን ከገቡ ጀምሮ ቤቱ በዚያ በኩል ዘንበል ማለቱን ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል። የአጎቴ ሚስት አንደኛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ሌላኛው ላይ የሠርግ ፎቶግራፋቸውን ደርድረው፣ «ሁለቱ ድዳ አማቾቼ» ብለው ይጠሯቸው ነበር። አማች ሆኖ ያን ያህል ዘመን ዝም ያለ ከየት ይገኛል፣ በርግጥ ይወዷቸው ነበር።

አጎቴ በገና ደርዳሪ ናቸው። ነበሩ ልበል፤ ሪህ የግራ እጃቸውን ጣቶች አንድ በአንድ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ አቆላመማቸውና በገናው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በገና ሰምቶ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። አውታሩ ከታች በሚያርፍበት ቦታ ላይ እንዝራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ እሷን እየነካካ ያጓራል፤ እንደ ንብ ቀፎ፣ ንቦቹ ግን የበሬ ቁመት ያላቸው። ያ ነው መንዘር የሚባለው። አጎቴ «ካልነዘረ በገና አይደለም፤ ክራር ነው» ይሉ ነበር፣ ክራር የሚለውን ቃል እንደ ኮሶ እየዋጡ።

እጃቸው ከመያዙ በፊት የደረደሩት በገና አንድ ካሴት ላይ ቀርቷል። ያ ካሴት ቤት ባለው ትንሽ ቴፕ ሲሰማ፣ ጣሳ ውስጥ የገባች ዝንብ ናት። ወፍራሙ ድምፅ የለም፤ ትንሽዬዋ እስፒከር ከየት አምጥታ! አጎቴም ተስፋ ቆርጠው ነበር። አንድ ዓመት ግን ጆሯቸው ያስቸግራቸው ጀመርና ባሕር ዳር ሄደው ታዩ። ሐኪሙ፣ ቀኙ ሄዷል፤ ግራውም መንገድ ላይ ነው፤ ዓመት ቢቆይ ነው፣ ሁለት ቢቆይ ነው አላቸው። ሲመለሱ እኔ ሞጣ ለጥየቃ መጥቼ ነበር።

«አንተ ቀልማዳ» አሉኝ፣ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ። «ቢቸና ውስጥ የሬዲዮ ሐኪም ነኝ ትል የለም?»

ብያለሁ። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤታችንን ሬዲዮ በጥፊ መትቼ አስነስቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ክብር ሁሉ በትሕትና ተቀብያለሁ።

«እንግዲያው ለእነዚህ ለሁለቱ» አሉ ወደ እስፒከሮቹ በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ «ሳንባ ፈልግላቸው። በቀረችው ጆሮዬ የራሴን በገና አንዴ እንደ በገና ሳልሰማው መደንቆር አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ይዘጋ፤ የሰውን ሐሜት መስማት ሰልችቶኛል።»

ጥግ ላይ ያለችውን ባሕር ዛፋቸውን አስቆርጠው ሸጡ። እኔም በገዛ አፌ ሊቅ ሆኜ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

«ይሄ እውነት አምስት ሺህ ዋት ነው?» አልኩት ባለ ሱቁን።

«ተጽፎበት የለ እንዴ ጋሼ!»

«የተጻፈውንማ አየሁት። እውነተኛ ዋት ነው ወይ ነው የምልህ።»

«ዋት ምን እውነተኛና ሐሰተኛ አለው? ዋት ዋት ነው። እስቲ መብራቱን ይዩት!» አለና ሰካው። መብራቱስ እውነትም ጉድ ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ እየተሯሯጠ፣ ገና ድምፅ ሳያወጣ እስክስታ ይመታል።

«እስፒከሮቹ አሮጌና ከባድ ናቸው። ይችላቸዋል?»

«ሠርግ አስጨፍሯል እኮ! ጩኸቱ ደብረ ወርቅ ድረስ ተሰምቷል።»

«ደብረ ወርቅ መሰማቱን በምን አወቅህ?»

«የሰሙት ናቸዋ የነገሩኝ!»

እኔ በማጋነን የታወቅሁ ሰው ነኝ፤ ወንድሜን እዚያ ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት መሰለኝና ገዛሁ። ቤት ወስደን አገናኘነው። አጎቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ግራ ጆሯቸውን ወደ እስፒከሩ ሰጡ። ካሴቱ ዞረ። የመጀመሪያው ወፍራም አውታር ተመታ፤ መብራቶቹ በአንድነት ፈዘዙ። ሁለተኛው ሲመታ ሁሉም ቀይ ሆኑ። ሦስተኛው ላይ ጧ! የሚል ድምፅና ያረረ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ወጣ፤ ከዚያ ጸጥታ።

«ምነው?» አሉ አጎቴ።

«ምን ምነው አለው» አሉ ሚስታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው፤ «ድዶቹ አማቾቼ አምስት ሺውን ዋት ዋጡታ!»

የሞጣን ሴት በቃል አትግጠም። ባለ ሱቁ ዘንድ ስመለስ ደግሞ፣ ጥፋቱ የእስፒከሮቹ ነው፤ «ሆዳም ናቸው» ብሎ አሰናበተኝ። ይገርማል፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ ከተነገረው ሁሉ እውነቱ ያ ብቻ ነበር።

ከወራት በኋላ መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና አዲስ አበባ ላከኝ። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበር አላስታውስም፤ አሠልጣኙም የሚያስታውስ አይመስለኝም። አንድ ሰው ግን አፈላልጌ አገኘሁ፤ ያገለገሉ የውድ ውድ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ከውጭ እያስመጣ፣ ቪላ ቤቱ ውስጥ ለተመረጡ ሰዎች የሚሸጥ። ሊቁ እለዋለሁ፤ እሱም ራሱን ከዚህ ባነሰ አይጠራም። ሳሎኑ መጋረጃ በመጋረጃ ሆኖ፣ መሐል ላይ አንድ ወንበር ብቻ አለ። እዚያች ወንበር ላይ ካልተቀመጥክ ሙዚቃው በትክክል አይሰማህም አለኝ። እኔ በበኩሌ ከወንበሩ ብነሳ ሙዚቃው ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል ብዬ ጠየቅሁት፤ አልሳቀም።

ሊቁ ስለ ድምፅ ሲያወራ ምግብ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ይሄኛው ወፍራም ነው፣ ያኛው ጣፋጭ ነው፣ ይሄ በደንብ ያልበሰለ ነው፣ ያ ምላስ ላይ ይቀልጣል። አንዱን ዕቃ እያሻሸ፣ «ይሄ ዝምታው ጥቁር ነው» ሲለኝ፣ ቀይ ዝምታም ካለ አሳየኝ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ጊዜ ግን የእውነት ተናገረ። እስፒከሮቹ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ገልብጬ የያዝኩትን ወረቀት ሰጠሁት፤ አየውና ፊቱ ተለወጠ።

«ወንድሜ፣ የዋት ቁጥር አይሸውድህ» አለኝ። «እነዚህ የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው አራት ኦም ብቻ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ከዚያም ይወርዳሉ። ሲወርዱ ብዙ ከረንት ይጠጣሉ። ሣጥናቸው ድፍን ነው፣ ውስጡ የሚርገበገበው ወረቀት ከባድ ነው። ሰነፍ ማጉያ እዚያ ላይ ሲደርስ ይንበረከካል፤ ወይ ይቃጠላል። አንተ የምትፈልገው ብዙ ቁጥር የተጻፈበትን ሳይሆን፣ ሲጠየቅ የሚሰጠውን ነው።»

ይህን በሰማሁ ጊዜ ሰውየውን ልስመው ነበር። ወዲያው ግን፣ አሁን የተናገረውን በሙሉ ረስቶ፣ ለመሸጥ የፈለገውን ባለ አምፖል ማጉያ አወጣ። «ለበገና እሱ ነው! መንፈሳዊ ነው፤ ሙቀት ያለው ድምፅ ነው።»

«በገና ሰምተህ ታውቃለህ?»

«በሲዲ» አለ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ።

ገዛሁት። ምን ላድርግ፤ ያ ሁሉ ምግብ ተወርቶ ባዶ እጄን መውጣት አፈርኩ። ሞጣ ስንሰካው አምፖሎቹ እንደ ከሰል ቀስ ብለው ቀሉ። ክረምት ስለነበር ከሁሉ ቀድማ የተቀበለችው ድመቷ ናት፤ አናቱ ላይ ወጥታ ተጠቅልላ ተኛች። የአጎቴ ሚስት እጃቸውን እያሞቁ፣ «ይሄስ ለቤት የሚሆን ዕቃ ነው» አሉ። በገናው ግን ጋቢ ተከናንቦ ከሚቀጥለው ቀበሌ እንደሚጣራ ሰው ሆነ። ወፍራሙ አውታር ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፤ ይተነፍሳል፤ ይተወዋል።

«ማነው የሚደረድረው?» አሉ አጎቴ።

«እርስዎ ነዎታ፣ ጋሼ።»

«እኔ እንዲህ ታምሜ አላውቅም።»

ያን ቀን ቀልዱ አልጣመኝም፤ ምክንያቱም መልሱን የነገርኳቸው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን አልሰሙም ነበር። እኔ ዕቃ ሳመላልስ የግራው ጆሮ ጓዙን እየሸከፈ ነው።

ስለዚህ ወደ ሊቁ ተመለስኩ፤ በዚህ ጊዜ ትሕትናዬን ቢቸና ትቼ። ባለ አምፖሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ «ድመታችን በጣም ወድዳዋለች፤ ሰዎቹ ግን ማጉያ ይፈልጋሉ» አልኩት። ትንሽ አኮረፈ። ከዚያ ከአንድ መጋረጃ ጀርባ፣ ማንም የማይገዛውን አሮጌ ጥቁር ሣጥን እየጎተተ አመጣ፤ መብራት የለው፣ ጌጥ የለው፤ ጎኑ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ብረት ብቻ። የተጻፈበት ቁጥር ሰማንያ ዋት ነው። ሰማንያ! ከሞጣው ሱቅ አምስት ሺህ በኋላ ሰማንያ ስታይ፣ ትሑት ሰው ያየህ ይመስልሃል። ላነሳው ስል ወገቤ ጮኸ።

እዚህ ላይ የራሴን ሳይንስ አወጣሁ። ሊቃውንት ሁሉ ዋሽተውኛል፤ ሚዛን ግን አይዋሽም። ቢቸና ስደርስ ሣጥኑን በቀጥታ ወደ እህል ተራ አስወስጄ የአንድ የማውቀው ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ከሞጣው ሱቅ የተገዛውን የተቃጠለውን ቆርቆሮም ለማነጻጸር ይዤ በተራ አስመዘንኩት። ቆርቆሮው አንድ ቁና ጤፍ አላነሳም። ጥቁሩ ሣጥን ግን ሚዛኑን ጓ! አደረገው። የእህል ተራ ሰው በሙሉ ተሰበሰበ።

«የምን እህል ነው?» አለ አንዱ።

«ዋት ነው» አልኩት።

ባለ ሚዛኑ ነጋዴ ግን አልሳቀም። ሣጥኑን ዞረው፣ ነካካው፣ አሸተተው። «ከበደ ብለህ አትደሰት። ቅቤ ውስጥ ድንች፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ የሚከቱበት ዘመን ነው። ባዕድ ነገር ቢኖርበትስ? ክፈተው።»

ሊቁ ስንት ሰዓት ሙሉ ሲያስተምረኝ፣ እኔም ስንት ሰዓት ሙሉ የገባኝ ስመስል፣ ክፈተው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ብሎኖቹ ተፈቱ። ውስጡ ድንጋይ የለ፣ ሲሚንቶ የለ፤ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል፣ መዳብ በመዳብ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ተቀምጧል። ነጋዴው በጣቱ ኮርኩሞት፣ ጥራጥሬ እንደሚመረምር ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ንጹሕ ነው» አለ። ማጉያን በተመለከተ እስከ ዛሬ የማከብረው ባለሙያ እሱ ብቻ ነው።

ከቢቸና ሞጣ በአውቶቡስ ስሄድ ማጉያው የራሱ መቀመጫ ነበረው፤ እኔ ቆሜ ሄድኩ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ በገና ለመስማት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። እንደደረስኩ ገመዱን አገናኘሁ፣ የመብራቱ መዋዠቅ እንዳይገድለው በስታቢላይዘር በኩል አሳለፍኩት፣ ካሴቱን ከተትኩና ከፈትኩ።

የመጀመሪያዋ አውታር ስትመታ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉ ብርጭቆዎች መለሱ። ሁለተኛዋ ስትመታ የሠርጉ ፎቶግራፍ በጀርባው ተዘረረ። በገናው ከእስፒከር የሚወጣ አልመሰለኝም፤ ምድር ውስጥ ተኝቶ የነበረ አንድ ትልቅ ነገር ጉሮሮውን የሚጠርግ ነበር የመሰለኝ። አጎቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸው ሞላ። ከዚያ ግን ድንገት እጃቸውን አወናጨፉ፦ «ዝጋው! ዝጋው! ቅዳሴ ሳልሄድ፣ ሳልታጠብ፣ እንዲህ በቁሜ አልሰማውም። ስመለስ በወግ ተቀምጬ እሰማዋለሁ።» ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀ ሰው፣ ሦስት ሰዓት ለመጠበቅ እንዲህ ይኮራል።

እኔ ግን መጠበቅ አልሆንልህ አለኝ። ሞባይል ሞጣ ከገባ ገና ብዙም አልቆየም ነበር፤ ስልኩን ይዤ ደጅ ወጣሁና ሊቁ ዘንድ ደወልኩ። መስመሩ ስለሚቆራረጥ የስልኩን ድምፅ ማውጫ ከፍቼ ነበር የምጮኸው።

«ሃሎ! ይነዝራል!»

«ምን?»

«ማጉያው ይነዝራል እልሃለሁ! ቤቱ በሙሉ ነው የሚነዝረው! ግድግዳው ሳይቀር!»

«ግድግዳው ሳይቀር? ሰው ነክቷል?»

«ያልነካው ሰው የለም! እኔን እስከ አጥንቴ ነው የነዘረኝ። ሽማግሌውንማ አስለቀሳቸው!»

«በስመ አብ! አሁን የት ናቸው?»

«ቤተ ክርስቲያን!»

ከዚያ ሊቁ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው የሰው ድምፅ፣ «ንቀለው! አሁኑኑ ንቀለው! ማንም እንዳይጠጋው። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ መልስልኝ፤ ሌላ እሰጥሃለሁ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ገባኝ ብዬ አሰብኩ፤ ሰውየው ምን እንደሸጠልኝ አሁን ነው የነቃው። እንዲህ ያለ ዕቃ ለሞጣ ሰው አይገባም፤ ለተመረጡት ለእነዚያ፣ አንድ ወንበር ላይ ተራ ለሚጠብቁት ይሁን ብሏል። «የሚነዝረውን ለራስህ ልትወስድ ነው? ጣፋጭህን ብላ! ጥቁር ዝምታህን ጠጣ!» አልኩትና ዘጋሁት። ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳሁም።

ዞር ስል የአጎቴ ሚስት የሉም። ሳሎኑም ተቆልፏል። ለካ እሳቸው ሲሰሙ ነበር። ሶኬቱን በእንጨት መጥረጊያ እጀታ ነቅለው፣ በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረዋል።

«እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ባለ ቤቱ ራሱ ንቀሉት አላለም? እስከ አጥንቴ ነዘረኝ ያልክስ አንተ አይደለህ? ባሌን ለሣጥን አልሰጥም!»

«እትዬ፣ እሱ እኮ ዕቃውን ሊወስድብን ነው!»

«ይውሰደው! መብራት የነዘረውን ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚቀበር አይቻለሁ እኔ።»

እንዲያም ሆኖ አልገባኝም። በንዴት ታውሬ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ በተቆለፈ በር ፊት ስንጎራደድ ቆየሁ። አጎቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ፤ አብረዋቸው የሠፈራቸው መሪጌታ፣ የልጅነት ጓደኛቸው፣ በገናውን ለመስማት መጥተዋል። ነገሩን ተንተባትቤ አስረዳኋቸው፤ በግራ ጆሯቸው ሥር ሆኜ፣ እየጮህኩ።

አጎቴ በወጣትነታቸው ደብረ ወርቅ ሄደው ጥቂት ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። «ቆይ» አሉኝ። «ለሰውየው ምን ብለህ ነው የነገርከው? ቃሉን ንገረኝ፤ ከራስህ ሳትጨምር።»

«ይነዝራል ነው ያልኩት።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። መጀመሪያ መሪጌታው ጢማቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አጎቴ እንዲህ ሳቁ፦ ጋቢያቸው ወደቀ፣ መቋሚያቸው ወደቀ፣ ሊወድቁ ሲሉ በር ያዙ።

«አንተ ደንቆሮ!» አሉኝ። «ሐኪሙ ተሳስቷል፤ ጆሮህን መመርመር የነበረበት ያንተን ነው። እሱ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ለእሱ የሚነዝረው በገና ሳይሆን ኤሌክትሪክ ነው! ቤቱን በሙሉ ኤሌክትሪክ ያዘው፣ ሽማግሌው አልቅሶ ቤተ ክርስቲያን ተወሰደ ብለህ እኮ ነው የነገርከው! ሰውየው እስካሁን ለቀብሬ ተነሥቶ ይሆናል።»

ሚስታቸው ግን በቅኔ የሚፈታ ሰው አይደሉም። ወርቁንም ሰሙንም አልቀበልም አሉ። በመጨረሻ አጎቴ በሩን አስከፍተው፣ ሶኬቱ እንዲሰካ አድርገው፣ የቆለመመ እጃቸውን በሁሉም ፊት ጥቁሩ ብረት ላይ አስቀመጡና፣ «ይኸው። ሞቻለሁ?» አሉ። ሚስታቸው ጥቂት ጠብቀው አለመሞታቸውን ካረጋገጡ በኋላ በእጃቸው የጨበጡትን ቁልፍ ሰጡ።

ለሊቁ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ትንፋሹን ሲያወጣ በስልኩ ሰማሁት። ከዚያ ግን ቀስ ብሎ፣ «ቆይ፣ በገና በተፈጥሮው ያጓራል ማለት ነው? እኔ ሲዲው ላይ ስሰማ የቀረጻ ጉድለት መስሎኝ፣ በማጣሪያ አስወግጄው ነው የማደምጠው» አለኝ። ምን ይባላል? ያን ሁሉ መጋረጃ ሰቅሎ፣ ያችን አንዲት ወንበር መሐል ላይ አስቀምጦ፣ ክራር ነው ሲሰማ የኖረው።

ከቀትር በኋላ ሁላችንም ተቀመጥን። አጎቴ በርጩማቸውን ወደ እስፒከሮቹ አስጠግተው፣ ግራ ጆሯቸውን ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በገናው ሞላ። የመጀመሪያው መዝሙር አለቀ። ሁለተኛው ሲጋመስ አጎቴ ጣታቸውን አነሡ።

«መልሰው።»

መለስኩት።

«መልሰው።»

ሦስት ጊዜ መለስኩት። ዓይናቸውን ገለጡ። «አራተኛዋ አውታር ወርዳለች» አሉ።

«ምን ወርዳለች» አሉ መሪጌታው። «ይህን ካሴት ስንት ዘመን ሰማነው፤ እንከን የለውም።»

«ወርዳለች እልሃለሁ። አጥብቄ አልቃኘኋትም። መዝሙሩ በሙሉ አንካሳ ነው።»

«እንግዲያው ከዕቃው ነው። ፈረንጅ የጣለው አሮጌ ሣጥን፣ የአዲስ አበባ አሮጌ ብረት፤ ምን ትጠብቃለህ?»

እኔም ደንግጬ፣ «ልክ ነው ጋሼ፣ ከማጉያው ይሆናል፤ ሌላ እንለውጣለን» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ የዚያችን አንዲት አውታር ጥፋት ከእሳቸው ላይ ለማንሳት ሌላ ሣጥን እስከ ሞጣ በጀርባዬ ለመሸከም ዝግጁ ነበርኩ።

አጎቴ ወደ ሁለታችንም ዞሩ። እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«ውሸታሞች! በየጾሙ እየመጣችሁ "እንከን የለሽ፣ እንከን የለሽ" ስትሉኝ ኖራችኋል። አንተም ጭምር! ቆርቆሮው ዋሸኝ፣ ባለ አምፖሉ ዋሸኝ፣ እናንተ ዋሻችሁኝ። አንድ እውነት የነገረኝ ይሄ ጥቁር ብረት ነው፤ አሁን እሱን ልትወነጅሉት ነው? ስህተቱ የእኔ ነው። ለማንም አልሰጥም።»

መሪጌታው ተቆጥተው ወጡ። በማግስቱ ግን ተመለሱ፤ ቁጭ ብለው ሰሙና፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እውነትህን ነው፤ ትንሽ ወርዳለች» አሉ። አጎቴ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ደስ አላቸው። ጾሙ እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ እየከፈቱ፣ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ «አሁን፣ አሁን እዚህ ላይ ልስት ነው፤ ስማ!» እያሉ ጣታቸውን ያነሣሉ። እንግዳው ሁሉ ይግባውም አይግባውም ራሱን ይነቀንቃል።

የሚቀጥለው ጾም ሳይደርስ የግራውም ጆሮ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ሊያጽናናቸው ይመጣል፤ በጽሑፍ፣ በምልክት፣ «እንኳን አንዴ ሰሙት» ይሏቸዋል። አጎቴም ወረቀቱን አንብበው፣ ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ድምፅ እንዲህ ይላሉ፦

«ሰምቼዋለሁ። አራተኛዋ ወርዳ ነበር።»